ሳህኑን ማን አጠበው?

አንድ ሬስቶራንት ሲዘጋ አልቅሼ አውቃለሁ። የኔ አልነበረም። ደንበኛም አልነበርኩም፤ እዚያ ቤት ደንበኛ ለመሆን የሚበቃ ገንዘብ ኖሮኝ አያውቅም። ሳህን አጣቢ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ለማስተርስ ወደ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ሄድኩ። በተማሪ ፈቃድ በዓመት 964 ሰዓት መሥራት ይቻላል። ፈረንሳይኛዬ የሕፃን ስለነበር ቢሮ የሚወስደኝ አልተገኘም፤ የተገኘው ሥራ አንድ አሮጌ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ሳህን ማጠብ ነበር። ስሙን አልጠራም። ፊልም ላይ የምታውቁት ዓይነት ቤት ነው፦ መሬት ሊነካ የደረሰ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከባድ የብር ማንኪያና ሹካ፣ በጋሪ እየተገፋ የሚመጣ አይብ፣ ጥቁር ኮት የለበሱ አስተናጋጆች። አንድ ዓመት ተኩል ሠራሁ። ከዚያ ሼፉ ጡረታ ሊወጣ ሆነ፣ ቤቱን የሚረከበው ሰው ጠፋ፣ ተዘጋ።

የመጨረሻው እሑድ ደንበኛ አልነበረም። ሼፉ ሠራተኞቹን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ አስቀምጦ ራሱ አበሰለልን። በዚያ ሁሉ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ቀን የቤቱን ምግብ የማውቀው ተመልሶ በመጣ ሳህን ላይ የቀረውን ሶስ በጣቴ እየጠረግኩ ነው (አዎ፣ አጣቢ ሁሉ ያደርገዋል)። የቀረበልኝ ኬኔል ነበር፤ የወንዝ ዓሣ ሥጋ ተፈጭቶ፣ ከእንቁላልና ከክሬም ጋር ተመትቶ፣ በውኃ ተቀቅሎ፣ ከወንዝ ሸርጣን መሳይ እንስሳ በተሠራ ቀይ ሶስ ውስጥ የሚቀርብ። የሊዮን ምግብ ነው። ሁለተኛውን ጉርሻ ስውጥ እንባዬ መጣ።

ማታ ትራም ውስጥ ቁጭ ብዬ በራሴ ተናደድኩ። የምን ልቅሶ ነው? ያ ቤት ወገቤን አጉብጦኛል። ወረቀት ላይ ከሚጻፈው ሰዓት በላይ የሠራሁባቸው፣ ግን ያልተከፈለኝ ብዙ ሌሊቶች አሉ። ኪችኑ ውስጥ ያልተሰደበ ሰው አልነበረም። የበደለህ ነገር ሲሞት ማልቀስ ምን የሚሉት ጅልነት ነው?

ያ ጥያቄ ከትራሙ ወርዶ አብሮኝ ወደ አዲስ አበባ መጣ። አሁን ኮድ እየጻፍኩ ነው የምኖረው፤ ጥያቄው ግን አለ። አንድ ውብ ነገር ሌላውን ሰው ሳይበድል መኖር ካልቻለ፣ መኖር ይገባዋል ወይ? ከሞተስ፣ እንድናዝንለት ይፈቀድልናል?

የሞተው ምንድን ነው?

መጀመሪያ እንግባባ። «የፈረንሳይ ምግብ» አልሞተም። ዩኔስኮ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ሬስቶራንት አይደለም፤ ፈረንሳውያን ልደት፣ ሠርግ ወይም የቤተሰብ ደስታ ሲኖር አንድ ላይ ቁጭ ብለው የሚበሉበትን ወግ ነው። እሱ አለ። እየሞተ ያለው ሌላ ነው፦ ኤስኮፊዬ የሠራው ማሽን።

ኦጉስት ኤስኮፊዬ እ.ኤ.አ. ከ1846 እስከ 1935 የኖረ ሼፍ ነው። ፈረንሳይ ከፕሩሲያ ጋር በተዋጋችበት በ1870 በጦሩ ውስጥ ወጥ ሠሪ ሆኖ አገልግሏል፤ በኋላም ትልልቅ የሆቴል ኪችኖችን እንደ ሠራዊት አደራጃቸው። አንዱ ሶስ ብቻ፣ አንዱ ዓሣ ብቻ፣ አንዱ ጥብስ ብቻ፣ አንዱ ጣፋጭ ብቻ። ከላይ አንድ አዛዥ፤ ከታች «አዎ፣ ሼፍ» የሚል ሁሉ። በ1903 የወጣው መጽሐፉ በሺዎች የሚቆጠሩ አሠራሮችን የያዘ ሲሆን የሙያው መመሪያ ሆነ። እኔ እንደ ፕሮግራመር ስገምተው ሰውዬው ሲስተም አርክቴክት ነው። ሥራውን ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ የእያንዳንዱን መግቢያና መውጫ ወሰነ። አንዱ «ፎን» የተባለ የአጥንት መረቅ ተሠርቶ የብዙ ሶሶች መነሻ ይሆናል፤ እኛ ላይብረሪ የምንለው ማለት ነው።

ከዚያ ኮከቦቹ መጡ። ሚሽሊን የተባለው የጎማ ፋብሪካ በ1900 ለመኪና ነጂዎች ያሳተመው መጽሐፍ በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ያለው ደረጃ በ1931 መጣ። ሦስት ኮከብ ማለት «ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚደረግለት ቤት» ነው። ሊዮን አጠገብ የሚገኘው የፖል ቦኩዝ ቤት ሦስቱን ኮከብ ከ1965 ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይዞ ቆየ። በ1975 ቦኩዝ ከፕሬዚዳንት ዢስካር ዴስታን ኒሻን ሲቀበል የሠራው፣ በሊጥ የተከደነው የትራፍል ሾርባ እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። ሊዮን ውስጥ ሰውዬው የግድግዳ ሥዕል ነው፣ የገበያ ስም ነው፤ በቃ ቅዱስ ነው ማለት ይቻላል። በጥር 2018 ሞተ። በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር 2020፣ ሚሽሊን አንዱን ኮከብ ወሰደበት። የከተማው ሽማግሌዎች መቃብር እንደ ተቆፈረ ነው የሚያወሩት።

ግን ያ መጀመሪያው አልነበረም። ዦኤል ሮቡሾን፣ በዘመኑ ከዓለም ምርጦች አንዱ የተባለው፣ በ1996 ገና በ51 ዓመቱ ትልቁን ቤቱን ትቶ ወጣ። በ2003 ተመልሶ ሲመጣ የከፈተው ቤት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የለውም፤ ደንበኛው እንደ ሱሺ ቤት ባንኮኒ ላይ ነው የሚቀመጠው። በዚያው በ2003 ቤርናር ሉዋዞ የተባለው ሼፍ፣ ኮከብ ሊያጣ ነው የሚል ወሬ በሚናፈስበት ሰሞን፣ ራሱን አጠፋ። ኮከቡ አልተወሰደበትም ነበር። በ2004 ኒውዮርክ ላይ ሉቴስና ላ ካራቬል፣ ለአርባ ዓመት ያህል የከተማዋ ሀብታሞች የተመላለሱባቸው የፈረንሳይ ቤቶች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተዘጉ። በ2005 አለን ሳንደራንስ ፓሪስ ላይ ሦስት ኮከቡን በቃኝ ብሎ ዋጋውን ቀነሰ። በ2017 ሴባስቲያን ብራስ «ከመጽሐፋችሁ አውጡኝ» ብሎ ጠየቀ። ለንደን ውስጥ በ1967 የተከፈተው ለ ጋቭሮሽ በጥር 2024 ተዘጋ፤ ባለቤቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ለራሱና ለቤተሰቡ ጊዜ መፈለጉ እንደሆነ ተናገረ።

ልብ በሉ፦ አብዛኞቹ ስላልተሳካላቸው አይደለም የተዉት። ተሳክቶላቸው ነው። ጫፍ ላይ የደረሱ ሰዎች ናቸው «ይሄ ሕይወት አይደለም» ብለው የወረዱት።

ሶስ ኮፒ አይደረግም

ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲያወራ «ጣዕም ተለወጠ፣ ወጣቱ ኮት ለብሶ መብላት አይፈልግም፣ ቅቤና ክሬም ያወፍራል» ይላል። እውነት አለው። በ1970ዎቹ ኑቬል ኩዊዚን የተባለው እንቅስቃሴ ከባድ ሶሶችን ማጣጣል ጀምሮ ነበር። ለኔ ግን ዋናው ሒሳብ ነው።

በ1960ዎቹ ዊልያም ቦሞል የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ከባልደረባው ከዊልያም ቦወን ጋር ስለ ሙዚቃና ስለ ቲያትር ሲያጠና አንድ ቀላል ነገር አየ። ለአራት የክር መሣሪያ የተጻፈ ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አራት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል። በፍጥነት እንጫወተው አይባልም። ፋብሪካው ግን በየዓመቱ በጥቂት ሰው ብዙ ዕቃ እያመረተ ደመወዝ ይጨምራል። ሙዚቀኛውም መኖር አለበትና ደመወዙ አብሮ መጨመር ይኖርበታል፤ አለዚያ ፋብሪካ ይገባል። ስለዚህ ማንም ሳያጠፋ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ሙዚቃው ከሌላው ዕቃ አንጻር በየዓመቱ እየተወደደ ይሄዳል።

እኔ የፋብሪካው ወገን ነኝ። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን ኮድ አንድ ሰው ቢጠቀምበት ወይም አንድ ሚሊዮን ሰው ቢጠቀምበት ሥራዬ ያው ነው፤ የሚጨምረው የሰርቨር ክፍያ ብቻ ነው። ሶስ ግን ኮፒ አይደረግም። የጥጃ አጥንት ይጠበሳል፣ ከአትክልት ጋር ተጥዶ ለሰዓታት በዝግታ ይፈላል፣ አረፋው እየተገፈፈ፣ ስቡ እየተነሳ፣ ይጠለላል፣ እንደገና ይጣድና ወፍሮ እስኪያብረቀርቅ ይተናል። ከትልቅ ድስት ሙሉ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከዚያ ጠዋት እንደገና። ባለ ኮከብ ቤቶች ውስጥ የሠራተኛው ቁጥር ከተመጋቢው ቁጥር ብዙም የማያንስበት ጊዜ አለ። አስቡት፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ዴቨሎፐር ያለው አፕ።

ሒሳቡ አይሞላም ማለት ነው። ሒሳቡ ሳይሞላ ግን መቶ ዓመት ኖሯል። እንዴት?

ክፍተቱን የሚሞላው ሰው ነበረ ማለት ነዋ።

ክፍተቱን ማን ሞላው?

በልጅነታቸው ገብተው የሚደበደቡ ተለማማጆች ሞሉት። «ስታዥ» በሚባለው ስም ያለ ክፍያ ወይም በሳንቲም ለወራት የሚሠሩ ወጣቶች ሞሉት፤ ምክንያቱም የታላቁ ቤት ስም ሲቪያቸው ላይ ይገባል። ፈረንሳይ በ2000 ሕጋዊውን የሥራ ሳምንት 35 ሰዓት ስታደርግ፣ በቀን 14 ሰዓት ለለመደ ኪችን ነገሩ ቀልድ ነበር። በ2008 ደግሞ ፓሪስ ላይ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ የሬስቶራንት ሠራተኞች፣ ሥራ አቁመው የሠሩባቸው ቤቶች ውስጥ ቁጭ አሉ። ያኔ ነው ብዙ ተመጋቢ ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ የሰማው።

የፈረንሳይ ቤት ባይሆንም የዴንማርኩ ኖማ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለዓመታት ያለ ክፍያ በሚሠሩ ተለማማጆች ብዛት ይታወቅ ነበር። በጥቅምት 2022 መክፈል ጀመረ። በጥር 2023 መደበኛ ሬስቶራንትነቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስተምራል።

ጆርጅ ኦርዌል በ1929 ፓሪስ ውስጥ ሳህን አጣቢ ነበር፤ በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚያ ሕይወት ጽፏል። እዚያ የሚያነሳው ክርክር ጨካኝና ግልጽ ነው። የአጣቢው ልፋት ለማን ይጠቅማል? ይላል። ለሀብታሙ ነው እንዳይባል፣ ሀብታሙ የሚያገኘው የቅንጦት ማስመሰያ ነው እንጂ ቅንጦት እንኳ አይደለም። ስለዚህ ሥራው ከንቱ ነው፤ ባይኖር ማንም አይጎዳም።

መጽሐፉን ሊዮን እያለሁ በስልኬ አነበብኩት፤ እጄ በሳሙና ተልጦ። መጀመሪያ «ተናገርልኝ!» አልኩ። በኋላ ግን አንድ ነገር ከለከለኝ።

ኪችኑን ከአዳራሹ የሚለየው በር ክብ መስታወት ነበረው። አንድ ማታ በዚያ መስታወት ሁለት ሽማግሌዎች አየሁ፤ ባልና ሚስት። ልብሳቸው የክት ነው፤ ግን የድሮ። አስተናጋጆቹ እንደ ነገሩኝ ሰውዬው ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ በዓመት አንድ ቀን አጠራቅመው ይመጣሉ። ዋናው አስተናጋጅ፣ ለፋብሪካ ባለቤቶችም ለሚኒስትሮችም ወይን ሲቀዳ የኖረው ሰውዬ፣ ሰላም ብሎ አስቀመጣቸው። የመጀመሪያው ሳህን ሲነሳ ሽማግሌው ግራኝ መሆኑን አየ። ምንም አላለም። የሚቀጥለውን ማንኪያና ሹካ ሲያስቀምጥ ቦታቸውን አገለባብጦ አስቀመጠ። ሽማግሌው ሳያስተውለው መብላቱን ቀጠለ።

ይሄ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። የማታውቀውን ሰው፣ ማንነቱን ሳትጠይቅ፣ እስከዚህ ድረስ ማስተዋል ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምሠራቸው አፖች ተጠቃሚውን ቀኑን ሙሉ ይከታተላሉ፤ የነካውን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ግራኝ መሆኑን ካወቁ ግን የግራኝ ዕቃ ማስታወቂያ ነው የሚያሳዩት። ያ አስተናጋጅ አውቆ ዝም አለ። ልዩነቱ የምር ትልቅ ነው።

ስለዚህ ኦርዌል ግማሹን ነው ያየው እላለሁ። በሩ ጀርባ ያለው ስቃይ እውነት ነው፤ በሩ ፊት ያለው ውበትም እውነት ነው። አንዱን ውሸት ብታደርገው ጥያቄው ይቀልልሃል። እኔን ያስቸገረኝ ሁለቱም እውነት መሆናቸው ነው።

ሙያ

እናቴ ሊዮን ደውላ «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ «ሳህን እያጠብኩ» አልኳት። ሳቋ ለደቂቃ አላቆመም። «እኔ ቤት አንድ ብርጭቆ ያላጠብክ ልጅ!»

እውነቷን ነው። በአማርኛ «ሙያ» የሚለው ቃል የሚገርም ነው። ለወንድ ሲሆን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አናጺ። «ባለሙያ ሴት ናት» ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ ወጧ ይጣፍጣል ማለት ነው፤ ደመወዝም የለው፣ ጡረታም የለው። እናቴ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ስትሠራ ሽንኩርቱን የምታቁላላበትን ሰዓት ቆጥሬ አላውቅም። ዶሮው አሥራ ሁለት ቦታ ይወጣል፤ በሎሚና በጨው ሲታጠብ ውኃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ ነው። እኛ ስንበላ እሷ ቆማ ትጨምርልናለች። «እጅሽ ይባረክ» እንላለን። እንነሳለን። ሳህኑን ማን ያጥባል? ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሁለቱን እኩል ማድረጌ አይደለም። እናቴ ለምትወዳቸው ነው የምትሠራው፤ ሬስቶራንቱ ለሚከፍሉ። ግን አንድ የጋራ ተንኮል አላቸው፦ ምስጋናው በክፍያው ቦታ ይገባል። «ሙያ»፣ «ፍቅር»፣ «ክብር»፣ «ልምድ»። ሊዮን ውስጥ የሰማሁት ቃል «ፓሲዮን» ነበር። ትርፍ ሰዓቴን ስጠይቅ የሥራ አስኪያጁ መልስ «ይሄ ሥራ ያለ ፓሲዮን አይሠራም» የሚል ነበር። እኔ የጠየቅኩት ስለ ሦስት ሰዓት ነው።

ያቺን የመጨረሻ እሑድ ስተርክላችሁ አንድ ነገር ዘልያለሁ። በልተን ስንጨርስ ሼፉ ቆሞ ንግግር አደረገ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ ብርጭቆ ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ጠረጴዛው ላይ ሳህኑ ተከምሯል። ከማሊ የመጣው ባልደረባዬ፣ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራው፣ ተነስቶ ሽርጡን አሰረ። እኔም ተነሳሁ። ማንም አላዘዘንም። ማንም ደግሞ «ዛሬስ ተዉት» አላለንም። ለኛ ክብር የተደገሰውን ግብዣ ሳህን ያጠብነው እኛው ነን።

እና መዳን አለበት?

አንድ ፈረንሳዊ የክፍል ጓደኛዬ «ኦፔራን መንግሥት ይደጉማል፤ እነዚህን ቤቶችስ ለምን አይደጉምም?» ይል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦፔራም የቦሞል በሽተኛ ነው፣ ኦፔራም የሀብታም ቦታ ነው፣ ግን ቅርስ ነው ተብሎ ከግብር ይከፈልለታል። እንዲያውም ፈረንሳይ ትንሽ ሞክራለች፤ በ2009 የሬስቶራንት ተጨማሪ እሴት ታክስን ከ19.6 ወደ 5.5 በመቶ አውርዳ ነበር፤ በኋላ ደረጃ በደረጃ ተመልሶ 10 ደረሰ። ታላላቆቹን ቤቶች አላዳነም።

የኔ መልስ ይሄ ነው። ድጎማ ያለበት ነገር ሒሳቡ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ኦፔራ ቤት ውስጥ ቫዮሊን የሚጫወተው ሰው ውል አለው፣ ማኅበር አለው፣ ኅብረተሰቡም «ይህን ያህል ያስወጣናል፣ እንከፍላለን» ብሎ ወስኗል። የድሮው ኪችን ያደረገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ወጪውን ሒሳቡ ላይ ሳይሆን በሰዎች ወገብና ጋብቻ ላይ ጻፈው። በነዚያ ቤቶች ለጋባዡ ዋጋ ያለበት፣ ለተጋባዧ ዋጋ የሌለበት ሜኑ የመስጠት ልማድ ነበር። ሳስበው የቤቱ ፍልስፍና ሁሉ እሱ ነው፦ ዋጋውን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ፤ ሙሉውን ዋጋ ግን ማንም አያይም።

ስለዚህ አንድ ውብ ነገር መኖር ይገባዋል ወይ ስባል የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ሙሉ ሒሳቡን ለሠሩት ሰዎች ማሳየት ይችላል? ይህን ያህል አወጣን፣ ይህን ያህል ከናንተ ወሰድን፣ ትስማማላችሁ? ብሎ ዓይናቸውን ማየት ከቻለ ይኑር፤ ውድም ይሁን፣ ጥቂት ሰው ብቻ ይብላው፣ ችግር የለም። ካልቻለ ይዘጋ። ምግቡ መንገድ ያገኛል። ፓሪስ ውስጥ «ቡዮን» የሚባሉ ርካሽ ቤቶች አሉ፤ ሻርቲዬ ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው፣ ፒጋል ላይ በ2017 የተከፈተው ደጃፍ ላይ ወጣቶች ተሰልፈው አይቻለሁ። የሽንኩርት ሾርባውም ቡርጊኞን የተባለው የበሬ ወጥም እዚያ አለ። የማይገኘው ግራኝ መሆንህን አይቶ ማንኪያህን የሚያገለብጠው ሰው ነው። ለሱ ጊዜ የለም። እሱ የምር ጠፍቷል፣ እሱን ነው ያለቀስኩት።

ማዘንና መመለሱን መፈለግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ልቅሶ ድምፅ መስጠት አይደለም። ለሞተው እያለቀስክ «ይነሳ» አለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ደብቄ ከማለፍ ብናገረው ይሻላል።

ባለፈው ዓመት የምሠራበት ድርጅት ሁለት ተለማማጅ ዴቨሎፐሮች ሊቀበል ፈለገ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ሁለቱም ገና የተመረቁ። ቃለ መጠይቁን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ልጁ በመጨረሻ ፈራ ተባ እያለ «ክፍያ አለው ወይ?» አለኝ። እኔም ያለ ምንም ማመንታት «ለጊዜው የለውም፣ ግን ጥሩ ልምድ ታገኛለህ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የሊዮኑ ሥራ አስኪያጅ ድምፅ መሰለኝ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ለምዶታል።

ለአለቆቼ ተከራከርኩ። ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ይከፈላቸው፣ ኮዳቸው እኮ ለደንበኛ ይደርሳል አልኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ተስማሙ። ግን በጀቱ ያው ነበርና በሁለት ፈንታ አንድ ሰው ብቻ እንዲቀጠር ተወሰነ። ልጅቷ በፈተናው ትሻል ስለነበር እሷ ገባች። ልጁን ደውዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። «ምንም አይደል፣ ያለ ክፍያም እኮ እሠራ ነበር» አለኝ።

እስከ ዛሬ መልስ የለኝም ለዚያ። ትክክል ያደረግኩ ይመስለኛል። እሱ ደግሞ ሥራ አላገኘም። ሬስቶራንቶቹን የዘጋቸው ሒሳብ ይሄው ነው፤ ለሠራ ሰው ስትከፍል ቦታው ይጠብባል፣ የሚያምረው ነገር ያንሳል፣ በር ላይ የሚቀር ሰው ይኖራል። ያ ሰው ቁጥር ሲሆን መከራከር ቀላል ነው። ስልኩን ስታነሳ ግን ስም አለው።

ልጅቷ አሁን ስድስት ወር ሆናት። ባለፈው ሳምንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮ አገኘኋት። «ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «ሥራውን ወድጄው ነው» አለችኝ። አመንኳት። ሰዓቱን መዝግቢው አልኳት፤ እስክትመዘግበው ድረስም አልሄድኩም።